ሃያ ሁለት ቆርኪና አንድ ኦቾሎኒ፦ በከዚራ የታየው የወጣቶች የአሜሪካ ፉትቦል

በድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ፣ ከለገሃር ተነስቶ በዛፎቹ ጥላ ሥር ለሚራመድ ሰው አሥር ደቂቃ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ በተለምዶ ዲኤስቲቪ ቤት የምንለው ዓይነት አንድ የኳስ ማሳያ ቤት አለ። ዓመቱን ሙሉ እንደ ሌሎቹ ሁሉ የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግና የአውሮፓን ሻምፒዮንስ ሊግ ያሳያል፤ ስለዚያ አገልግሎቱ ብዙ የምጽፈው የለኝም። ይህን አስተያየት እንድጽፍ ያነሳሳኝ ሊጎቹ በሚያርፉበት በዚህ ክረምት፣ በተከታታይ አምስት ቅዳሜዎች ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ያቀረበው ዝግጅት ነው። በየሳምንቱ አንድ፣ በድምሩ አምስት የፍጻሜ ጨዋታዎች በቅጂ ታይተዋል፤ አምስቱም ከ19 ዓመት በታች ያሉ ብሔራዊ ቡድኖች የሚገናኙበት የአሜሪካ ፉትቦል የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜዎች ናቸው። በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት፣ ሄልሜት የሚደረግበት፣ ኳሱ ሁለት ጫፉ የሾለው ጨዋታ ማለቴ ነው።

እኔ በዚህ ከተማ የስፖርት መምህር ነኝ። በመጀመሪያው ቅዳሜ የሄድኩት የእህቴ ልጅ ስለጎተጎተኝ ነበር፤ የቀሩትን አራት ሳምንታት ግን በራሴ ፍላጎት ሄጃለሁ፤ በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ዘጠኝ ተማሪዎቼን አስከትዬ ነበር። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። የመግቢያው ገንዘብ የሚገባው ጨዋታው ከመከፈቱ በፊት የቤቱ ባለቤት ለሚያስተምሩበት አንድ ሰዓት ነው። ያ ሰዓት አልፎት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚመጣ ሰው፣ ቴሌቪዥኑ የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን፣ ሰው በሰው ላይ ሲወድቅ ከማየት ያለፈ ነገር አያገኝም።

ቤቱ ወፍራም ግድግዳና ከፍ ያለ ጣሪያ ካላቸው የከዚራ አሮጌ ቤቶች አንዱ በመሆኑ፣ ውጭው በሚፋጅበት ሰዓት እንኳ ውስጡ ይቻላል፤ ለድሬ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አራት ቬንትሌተሮች አሉ፤ ከበሩ በላይ ያለው ሲዞር ስለሚንቋቋ ከሥሩ የተቀመጠ ሰው የባለቤቱን ማብራሪያ በደንብ አይሰማም። ወደ ስልሳ የሚጠጉ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል። ቴሌቪዥኑ ሰባ አምስት ኢንች ሲሆን ምስሉ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በክፍሉ መካከል የቆመው ምሰሶ ከሦስተኛው ረድፍ ጀምሮ በግራ በኩል የሚቀመጡትን የስክሪኑን ሲሶ ያህል ይሸፍንባቸዋል። በእግር ኳስ ይህ ብዙም ላይጎዳ ይችላል፤ እዚህ ግን ኳሱ ሳይነሳ ሃያ ሁለቱም ተጫዋቾች እንዴት እንደቆሙ ማየት የጨዋታው ግማሽ ስለሆነ ጉድለቱ ከባድ ነው፤ ለእነዚያ ወንበሮች ደግሞ ከሌሎቹ እኩል ይከፈላል። መግቢያው ለአዋቂ 50 ብር፣ ለተማሪ 20 ብር ነው። ሻሂ፣ ሳምቡሳና ባጂያ ሁልጊዜ ይገኛል፤ ፉል ከፈለጉ ከአሥር ሰዓት በኋላ ይደርሳል፤ ፉሉ ከሙን የበዛበት ቢሆንም ዳቦው ትኩስ ነው። በሩ ላይ በቅዳሜው ዝግጅት ጫትም ሆነ ሺሻ እንደማይፈቀድ በትልቁ ተጽፏል፤ ጽሑፉም በተግባር ሲከበር አይቻለሁ። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ሴት ልጆቻቸውን ይዘው የመጡ እናቶችን ያየሁትም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ባለቤቱ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ረጅም ዘመን በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት ኮሎምበስ ከተማ በመጋዘን ሠራተኝነት የኖሩ ሰው ናቸው። ልጆቹ ጋሼ ይሏቸዋል። የመጀመሪያው የወጣቶች ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ2009 ሲካሄድ አስተናጋጇ ከተማ ካንተን፣ ከእሳቸው መኖሪያ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል የምትርቅ ነበረች፤ ከሥራ ባልደረባቸው ጋር ሄደው ሁለት ጨዋታ በዓይናቸው አይተዋል። ካንተን ለዚህ ስፖርት ተራ ከተማ አይደለችም። ዛሬ ኤንኤፍኤል የሚባለው የአሜሪካ ትልቁ የፉትቦል ሊግ እ.ኤ.አ. በ1920 የተመሠረተው በዚያ ነው፤ የታላላቅ ተጫዋቾች መታሰቢያ ሙዚየምም በዚያው ይገኛል። እሳቸው ግን ስለ ሙዚየሙ ሲያወሩ አልሰማሁም። የሚያወሩት ስለ ልጆቹ ነው፤ ከጃፓን፣ ከኒውዚላንድ፣ ከስዊድን፣ ከጀርመን፣ ከፈረንሳይና ከሜክሲኮ የመጡ፣ ጨዋታውን ከባለቤቶቹ አገር ርቀው የተማሩ የአሥራ ሰባትና የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣቶች በአንድ ሜዳ ተሰልፈው ስላዩበት ቀን ይናገራሉ። ከአዘጋጇ አሜሪካና ከካናዳ ጋር ስምንት ቡድኖች ነበሩ፤ ከአፍሪካ ግን አንድም አልነበረም።

ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለው ትምህርት የሚሰጠው በቴሌቪዥኑ ሥር ባለች አንዲት የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ነው። ባለቤቱ ከመሳቢያው በፌስታል የተቋጠረ ቆርኪ ያወጣሉ፤ አሥራ አንድ ቀይ የኮካ ኮላ፣ አሥራ አንድ አረንጓዴ የስፕራይት። የክብሪት እንጨቶችን አግድም አስተኝተው መስመር ይሠራሉ፤ በሁለት እንጨቶች መካከል ያለው ክፍተት አሥር ያርድ ነው። ኳሱ ከነቅርፊቱ ያለ የባቢሌ ኦቾሎኒ ነው፤ ቅርጹን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ነገር ማግኘት አይቻልም። ከዚያም ቀዮቹን አንድ በአንድ እያስቀመጡ የእያንዳንዱን ሥራ ይናገራሉ። አምስቱ ከፊት ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ፤ ሥራቸው ኳስ መያዝ ሳይሆን መንገድ መክፈትና ከኋላቸው ያለውን መጠበቅ ነው። የመካከለኛው ኦቾሎኒውን በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ ያቀብላል፤ የሚቀበለው ኳርተርባክ ነው፤ እሱም ወይ ለሚሮጠው ያስጨብጠዋል፣ ወይ ከዳር ለቆመው ይወረውርለታል፣ ወይ ራሱ ይዞ ይሮጣል።

እኔ በሙያዬ ብዙ ጊዜ ለልጆች የጨዋታ ሕግ አስረድቻለሁ፤ ስለዚህ የማስረዳት ችሎታን በቅርብ አውቃለሁ እላለሁ። የእኚህ ሰው ብልሃት ያለው በቃል ምርጫቸው ላይ ነው። እንግሊዝኛው ዳውን የሚለውን ቃል ቃል በቃል ቢተረጉሙት ኖሮ ማንም አይገባውም ነበር፤ እሳቸው ዕድል ነው የሚሉት። «አራት ዕድል ተሰጥቶሃል፤ በአራቱ ዕድል አሥር ያርድ ከሄድክ እንደገና አራት ይሰጥሃል፤ ካልሄድክ ኳሱን ለባላጋራህ ታስረክባለህ።» ይህችን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ይናገሯታል፣ በኦሮምኛ ይደግሟታል፣ በሶማሊኛ ይሠልሷታል፤ ድሬ ውስጥ ቤት ለሞላ ሰው ማስረዳት እንዲህ ነው። አሥር ያርድ ምን ያህል እንደሆነ ደግሞ ልጆቹን ወደ በረንዳው አውጥተው በእርምጃ ያስለኳቸዋል፤ ዘጠኝ ሜትር ከአሥራ አራት ሳንቲሜትር ሲሆን፣ ከቤቱ ደፍ እስከ ሁለተኛው ዛፍ ግንድ ይደርሳል። ሜዳው ከግብ መስመር እስከ ግብ መስመር የዚህ አሥር እጥፍ መሆኑን ሲሰሙ ልጆቹ መንገዱን ቁልቁል አሻግረው ሲያዩ አስታውሳለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጅ የጠየቀው ጥያቄ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። «ጋሼ፣ አራተኛ ዕድል እያላቸው ለምን ጠልዘው ይሰጡታል?» አለ። እውነት ነው፤ ለአዲስ ተመልካች ከዚህ የበለጠ ግራ የሚያጋባ ነገር የለም። ባለቤቱ በቃል አልመለሱለትም። ኦቾሎኒውን ቀዮቹ በራሳቸው ግብ አጠገብ ከሚገኙበት የክብሪት መስመር ላይ አስቀመጡና ልጁን «አሁን ሞክረህ ባይሳካልህ አረንጓዴው ከየት ይጀምራል?» አሉት። ልጁ ጣቱን እዚያው፣ ከቀዮቹ ግብ ሥር አደረገ። ቀጥለው ኦቾሎኒውን በጣታቸው መትተው እስከ ጠረጴዛው ማዶ አሻገሩትና «ብትጠልዘውስ?» አሉት። ልጁ ዝም ብሎ ጥቂት ካየ በኋላ አረንጓዴዎቹን ራሱ አንስቶ ወደ ማዶው ጫፍ ወሰዳቸው። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ማንም ይህን ጥያቄ አልደገመውም።

መጀመሪያ ላይ ያልወደድኩት አንድ ልማድ አለ፤ የጨዋታው ውጤት ቴሌቪዥኑ ሳይከፈት በፊት በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጻፋል። ለእግር ኳስ ተመልካች ይህ ስድብ ሊመስል ይችላል። በመጀመሪያው ቅዳሜ በ2009ኙ ፍጻሜ አሜሪካ ካናዳን 41 ለ 3 ማሸነፏ ሰሌዳው ላይ ተጽፎ ሳገኘው «ታዲያ ምን ልናይ መጣን?» ብዬ ነበር። ነገሩ የገባኝ ባለቤቱ ከ3 ጀምረው ሲጠይቁ ነው። ኳሱን ይዞ የባላጋራን የግብ መስመር መሻገር፣ ማለትም ተችዳውን፣ 6 ነጥብ ነው፤ ከእሱ በኋላ በግቡ ምሰሶዎች መካከል በመምታት 1፣ ወይም እንደገና ሮጦ ወይም ወርውሮ በማግባት 2 ይጨመራል፤ ከሜዳ ተመትቶ በምሰሶዎቹ መካከል የሚያልፍ ኳስ 3 ነው፤ ባላጋራን በራሱ የግብ ክልል ውስጥ ኳስ እንደያዘ መጣል 2 ያስገኛል። እንግዲህ ካናዳ 3 ነጥብ ብቻ ካላት በጨዋታው ሁሉ አንድ ጊዜም መስመሩን አልተሻገረችም ማለት ነው፤ ክፍሉ ይህን በስሌት ከደረሰበት በኋላ ጨዋታውን ሲያይ ዓይኑ የካናዳን አጥቂዎች እያንዳንዱን ዕድል ይከታተል ነበር። በመጨረሻው ሳምንት በሰሌዳው ላይ 13 ለ 7 ተጽፎ ስንገባ ልጆቹ ባለቤቱን ሳይጠብቁ 13 በስንት መንገድ ሊገኝ እንደሚችል እርስ በርስ መከራከር ጀምረው ነበር፤ ሁለት ተችዳውንና አንድ ተጨማሪ ነው ያለም፣ አንድ ተችዳውን ከነተጨማሪውና ሁለት የሜዳ ምት ነው ያለም ነበር። ውጤቱን ማወቅ ያልለመደ ተመልካች ምን መፈለግ እንዳለበት ስለሚያሳየው፣ በዚህ ስፖርት ይህ ልማድ እንዲቀጥል እደግፋለሁ።

ከአምስቱ ቀናት ሁሉ የተዋጣለት ሁለተኛው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ውድድሩ በቴክሳስ ግዛት ኦስቲን ተካሂዶ፣ ካናዳ አሜሪካን በገዛ አገሯ 23 ለ 17 አሸንፋለች። ከሦስት ዓመት በፊት በ38 ነጥብ ልዩነት የተሸነፈ አገር እንዲህ መመለሱ ብቻውን የሚገርም ነው፤ ነገር ግን ነገሩን ያከበደልን ባለቤቱ በዚያ ቀን በጠረጴዛው ላይ የሠሩት ሥራ ነበር። በሁለቱም ወገን አንድ አንድ ቆርኪ ጨምረው አሥራ ሁለት ለአሥራ ሁለት አደረጓቸው፤ የክብሪቶቹን መስመር አስረዘሙ፤ ከአራቱ ዕድል አንዱን ቀነሱ። «ካናዳዊ ልጅ በአገሩ የሚያድግበት ጨዋታ በአብዛኛው ይህ ነው» አሉ። በካናዳ ሕግ ቡድኑ አሥራ ሁለት ሰው ነው፣ ዕድሉ ሦስት ነው፣ ሜዳውም 110 ያርድ ርዝመት ያለውና ወደ ጎን የሰፋ ነው። ከዚያም የጨመሯቸውን ቆርኪዎች አንስተው ኪሳቸው ከተቱና «የዓለም ሻምፒዮና ሲመጣ ግን በዚህኛው ይጫወታል» ብለው ወደ አሥራ አንዱና ወደ አራቱ ዕድል መለሱት። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የሚመራበት ሕግ ከአሜሪካ ኮሌጆች ሕግ የተወሰደ በመሆኑ፣ ካናዳውያኑ ያሸነፉት በሌላው ቤት ልማድ ተጫውተው ነው። ይህን ሳናውቅ 23 ለ 17 ተራ ቁጥር ይሆንብን ነበር። ጨዋታው አልቆ ሰው ሲወጣ ከአንድ ባጃጅ ሹፌር ጋር በረንዳው ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ስለዚሁ ስናወራ ቆይተናል፤ ሦስት ዕድል ብቻ የለመደ ቡድን አራተኛ ሲጨመርለት ይቀልለዋል ወይስ የሩጫና የውርወራ ሚዛኑ ይበላሽበታል የሚለው ክርክራችን ሳይቋጭ ተለያየን።

ሦስተኛው ሳምንት እ.ኤ.አ. የ2014ቱ ነበር፤ አስተናጋጇ ኩዌት ናት። ለድሬ ተመልካች ከአምስቱ ሁሉ ይበልጥ የቀረበው ይኸኛው ሳይሆን አልቀረም። ውድድሩ የተካሄደው በሐምሌ፣ በረመዳን ወር ውስጥ ነበር፤ በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ሄልሜትና የትከሻ መከላከያ ስለተጫወቱ ወጣቶች ሲነገር ከፊቴ ተቀምጠው የነበሩ አንድ አዛውንት «ሱብሃነላህ» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እሳቸው ሙቀትን ከእኛ ሁሉ የበለጠ ያውቁታል። የኩዌት ቡድንም በአስተናጋጅነቱ ተሳትፏል። ፍጻሜውን አሜሪካ በካናዳ ላይ 40 ለ 17 አሸንፋለች። ተማሪዎቼን ያመጣሁት በዚህ ቀን በመሆኑ፣ ለአንድ የስፖርት መምህር ከባዱ ጥያቄም የተነሳው በዚሁ ቀን ሆነ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ስለ አራተኛው ሳምንት ከቅሬታ በቀር የምለው የለኝም። በቻይናዋ ሃርቢን እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው ፍጻሜ፣ ካናዳ ሜክሲኮን 24 ለ 6 ያሸነፈችበት፣ ሙሉው አልታየም፤ የተጠናቀረ የአርባ ደቂቃ ቅጂ ነበር። ባለቤቱ ኢንተርኔቱ እየተቆራረጠ ሙሉውን ማውረድ እንዳልቻሉ በግልጽ ተናግረዋል፤ ይህን መናገራቸው ያስመሰግናቸዋል፤ ነገር ግን የመግቢያው ዋጋ አልተቀነሰም፤ መቀነስ ነበረበት። በአቋራጭ የተጠናቀረ ቅጂ ላይ የሚታየው ነጥብ የተገኘበት ብቻ ነው፤ ያልተሳኩት ዕድሎች፣ ማለትም ባለፉት ሦስት ሳምንታት ማየት የተማርነው ነገር ሁሉ፣ ተቆርጦ ቀርቷል። በዚሁ ቀን መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ነዳጅ እንዳልነበረው ታወቀ፤ ሃያ ደቂቃ በጨለማና በወበቅ ተቀመጥን። በሚቀጥለው ሳምንት የዚያን ቀን ትኬት ላሳየ ሰው ሻሂ በነፃ መሰጠቱን እዚህ መጻፍ ተገቢ ነው።

አምስተኛው ቀን ግን ክሷል። እ.ኤ.አ. በ2018 በሜክሲኮ ከተማ ሜክሲኮ በገዛ ሕዝቧ ፊት እንደገና ከካናዳ ጋር ተገናኝታ 13 ለ 7 ተሸንፋለች። በሁለት ተከታታይ ፍጻሜዎች አሜሪካ የለችም፤ ይህን ያስተዋለችው ከጓደኛዋ ጋር የመጣች አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች፤ «ጨዋታው የእነሱ ሆኖ እነሱ የሉም?» አለች። እስከ ጨዋታው መጨረሻ ልዩነቱ አንድ ተችዳውን ብቻ ለሆነበት ፍጻሜ የሚያስፈልገውን ትዕግሥት ክፍሉ በዚህ ጊዜ አግኝቶ ነበር። አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፤ ጨዋታው አራት ጊዜ 12 ደቂቃ ነው ሲባል አንድ ሰዓት እንኳ የማይሞላ የመሰለው ሰው ይኖራል፤ የተወረወረ ኳስ መሬት ሲነካ፣ ተጫዋች ከመስመር ሲወጣ ሰዓቱ ስለሚቆም ግን ሁለት ሰዓት ያልፋል። የማታ ጉዳይ ያለው ሰው ይህን አስቦ ይምጣ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ሳምንት ጥያቄ ልመለስ። ከኋላ ከተቀመጡት እናቶች አንዷ ሁለት ተጫዋቾች በሩጫ ራስ ለራስ ከተጋጩ በኋላ ተነስተው «ይህ ልጅ ማታ ቤቱ ምን ሆኖ ያድራል?» ብለው ጠየቁ። ባለቤቱ ሄልሜት እንዳላቸው ተናግረው ወደ ጨዋታው ተመለሱ። በአምስቱ ሳምንታት ያዘንኩባቸው በዚህች ቅጽበት ብቻ ነው። ሄልሜት የራስ ቅልን ከስብራት ይጠብቃል፤ አንጎል ግን በቅሉ ውስጥ ከመናወጥ አይድንም፤ ይህ ጉዳት ደግሞ ከውጭ አይታይም፤ ደም የለውም፤ ልጁ ራሱም ደህና ነኝ ሊል ይችላል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የሆነውን መርሳት ከታየበት ልጁ ከጨዋታ መውጣትና በዚያው ቀን ፈጽሞ አለመመለስ አለበት፤ ሐኪምም ሊያየው ይገባል። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ባለቤቱን ለብቻቸው አግኝቼ ይህን ነገርኳቸው። አልተከራከሩኝም። በቀጣዩ ቅዳሜ ከውጤቱ ሥር በሰሌዳው ላይ «ራሱን የተመታ ልጅ በዚያው ቀን አይመለስም» የሚል በትልልቅ ፊደል ተጽፎ አገኘሁት፤ በአምስተኛውም ሳምንት አልተሰረዘም ነበር። ወላጆች ልጆቻቸውን ወደዚህ ቤት ይላኩ ወይስ አይላኩ ብለው ቢጠይቁኝ፣ በዚህ ሰሌዳ ምክንያት ያለማመንታት ይላኩ እላለሁ።

ልጆች ያዩትን መሞከራቸው አይቀርም። በከተማችን ለዚህ ጨዋታ የሚሆን ሄልሜትም ሆነ የትከሻ መከላከያ ይዞ ልጅን በሥርዓት የሚያሰለጥን እኔ የማውቀው የለም፤ ያለ መከላከያና ያለ አሠልጣኝ መጣጣል ደግሞ አደጋ ነው። ባለቤቱ በመጨረሻው ቀን ስለ ፍላግ ፉትቦል ማስረዳታቸው ስለዚህ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። በዚህኛው ዓይነት መጣል የለም፤ ተጫዋቹ ወገቡ ላይ ሁለት ጨርቅ ያንጠለጥላል፣ ባላጋራው ጨርቁን ከነጠቀው ሩጫው እዚያው ያበቃል። ከእያንዳንዱ ወገን አምስት ሰው ይበቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2028 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክም በወንዶችና በሴቶች የሚካሄደው ይኸኛው ነው። እኔም በሳምንቱ ውስጥ ዘጠኙን ተማሪዎቼንና የእህቴን ልጅ ሰብስቤ ሞክሬዋለሁ። አሮጌ ሽርጥ በአራት ጣት ስፋት ቀድደን ወገባችን ላይ ሻጥነው፤ ኳስ ስለሌለን በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ የውኃ ላስቲክ ተጠቀምን። ልጆቹ በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ እንድንጫወት ፈልገው ነበር፤ አሸዋው ለመውደቅ ምቹ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጊዜው ክረምት ነው፤ እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ላይ በደጋው በዘነበ ዝናብ ውኃው ሲመጣ በ1998 ዓ.ም. የደረሰውን ጎርፍ ያየ የድሬ ሰው አይዘነጋውም። ስለዚህ በትምህርት ቤቱ ግቢ ተጫወትን። ከሁሉ ቀድማ አራቱን ዕድል በሚገባ የተጠቀመችው፣ ሦስቱን በአጭር በአጭሩ ሮጣ አራተኛውን የወረወረችው፣ ቤቱ ውስጥ ከምሰሶው ጀርባ ተቀምጣ ስክሪኑን በከፊል ያየች ልጅ ናት።

ለባለቤቱ የማቀርበው ጥያቄ ጥቂት ነው። ከምሰሶው ጀርባ ያሉት ወንበሮች ይነሱ ወይም በግማሽ ዋጋ ይሰጡ፤ ከበሩ በላይ ያለው ቬንትሌተር ይጠገን፤ ሙሉ ያልሆነ ቅጂ ሲኖር ሰው ገንዘብ ሳይከፍል በፊት በሩ ላይ ይጻፍ። ጠረጴዛዋ ከአንደኛው ረድፍ ወዲያ ለተቀመጠ ሰው ስለማትታይም፣ ቆርኪዎቹን ከላይ በስልክ ካሜራ ቀርጾ በቴሌቪዥኑ ማሳየት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ መፍትሔ ይመስለኛል። ከዚህ ሌላ የምለውጠው ነገር የለም፤ በተለይ የትምህርቱ ሰዓት እንዳያጥር አደራ እላለሁ።

እንደነገሩኝ ከሆነ ሊጎቹ ሲመለሱ የቅዳሜው ሰዓት ለፕሪሚየር ሊግ ይለቀቃል፤ የወጣቶቹ ዝግጅት ግን ወደ እሁድ ጠዋት ተዛውሮ፣ የዕድሜ ገደቡ ወደ 20 ከፍ ብሎ በካናዳዋ ኤድመንተን እ.ኤ.አ. በ2024 ከተካሄደው ውድድር ጨዋታዎች ይታያሉ። ትምህርቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ጨዋታው አራት ሰዓት ላይ ይጀምራል። በቀኝ በኩል፣ ጠረጴዛዋ ሥር ያሉት ስምንት ወንበሮች ቀድመው ስለሚያዙ፣ ከልጅ ጋር የሚመጣ ሰው ከሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ቀደም ብሎ ቢደርስ ይሻለዋል።